ደበዘዘ ያልኩት ቀይ

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ
ከማጠቢያ ቤቱ፣ ከካውያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል የኔ ጌታ? ምራቴስ ደህና ናት? ሚጡዬስ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ ደህና ነኝ። ማሽኖቹም ደህና ናቸው፤ አንዷ ብቻ ስትጨምቅ እየዘለለች በር ድረስ ትሄድብኛለች፣ እሷንም ጠጋኙ ነገ ያስታግሳታል።

ለምን በስልክ አትነግሪኝም እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ አንተ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ትላለህ፣ ሚጡ ታለቅሳለች፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ እኔም የጀመርኩትን ሳልጨርስ «ቻው» እባላለሁ። በወረቀት ግን እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለህ ታዳምጠኛለህ። አንድ ደንበኛችን ቅዳሜ ወደ እናንተ ስለሚበር በእጁ እልከዋለሁ።

መጀመሪያ ክሴን ላሰማ። የላክኸውን የሚጡን ፎቶ ፎቶ ቤት ወስጄ አሳጥቤ ከካውያው ጠረጴዛ በላይ ለጥፌዋለሁ። ጉንጯ ያንተ ነው፤ ግንባሯ የእናቷ ነው፣ ተመስገን በል። ያንን የሠራሁላትን ቀይ ሹራብ ግን ምን አደረግኸው? ከዚህ ሲወጣ ዓይን የሚወጋ ቀይ ነበር። ፎቶው ላይ የማየው አሮጌ ጡብ የመሰለ ነገር ነው። መጀመሪያ ፎቶ ቤቱን ጠርጥሬ ሄጄ ተጨቃጨቅኩ፤ በኋላ ስልኬን ከፍቼ ሳየው እዚያም ያው ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው አንተ ነህ። የልብስ አጣቢ ልጅ ሆነህ የክር ሹራብ በሙቅ ውሃ ትዘፈዝፋለህ? ለብ ባለ ውሃ፣ ለብቻው፣ ሳይጨመቅ፣ ጥላ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ። ይህን ከጡት ጋር ነው ያጠባሁህ። ምራቴን አልወቅሳትም፤ እሷ የአጣቢ ልጅ አይደለችም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያንን መድኃኒት እናንተ መጥታችሁ እስክትመለሱ ድረስ አልወስድም ብያለሁ። ቀኑ ደርሶ አልፏል፤ ዶክተሯን ተከራክሬ አዘግይቼዋለሁ። አትጩህ፣ ወረቀት ላይ መጮህ አይሠራም።

ሕመሜን አንተ ታውቀዋለህ፤ ምራቴ ግን በወሬ ወሬ ስለሰማችው ይህችን አንብብላት። ያኔ እግሬ ከወገቤ በታች ደንዝዞ የወደቅኩ ጊዜ ዶክተሯ ያስረዳችኝን እኔ በራሴ ቤት አማርኛ ላስረዳት። በደማችን ውስጥ ከበሽታ የሚከላከሉልን ሕዋሳት አሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ሥራቸው ጀርም ላይ የሚጣበቅ ነገር ማምረት ነው፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን። ከእኔዎቹ ውስጥ ጥቂቶቹ ባለጌዎች የገዛ ቤታቸውን መለየት አቃታቸውና ጀርባዬ ውስጥ ያለውን ነርቭ እንደ ጠላት ነክሰው ያዙት። ዶክተሯ ለሌላ ጊዜ የምትፈራው ዓይኔን ነው። እነዚህ ባለጌዎች የሚወዱት የዓይንን ነርቭና የጀርባን ነርቭ ነው አለችኝ፤ ምርጫ ያውቃሉ።

መድኃኒቱ ራሱ ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ በፋብሪካ የተሠራ። ክንዴ ላይ በመርፌ ተሰክቶ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። እኛ ደንበኛ ልብስ ሲያመጣ አንገትጌው ላይ ቁጥር ያለባት ቁራጭ ጨርቅ እንሰፋ የለ? ይሄም እንደዚያ ነው። ልብሳቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁልፍ ያላቸውን ሕዋሳት እየፈለገ ምልክት ይሰፋባቸዋል፤ ከዚያ የሰውነት የራሱ ጽዳት ሠራተኞች ምልክት ያለበትን ሁሉ ለቅመው ያስወግዳሉ። ችግሩ ቁልፉ ጨዋውም ላይ ባለጌውም ላይ አለ። መድኃኒቱ ሁሉንም ጠርጎ ይወስዳል። የሚቀሩት ያረጁት፣ ቁልፋቸውን ቀድመው ያወለቁት ብቻ ናቸው፤ በልጅነቴ የያዘኝ ኩፍኝ ዳግም የማይዘኝ በእነሱ ነው። አዲስ በሽታ ሲመጣ ግን የሚማረው የለም፤ አዲሶቹ ተማሪዎች በሙሉ ተጠርገው ሄደዋል። ባለፈው ከወሰድኩ በኋላ ያቺ ተራ ጉንፋን ሳንባዬ ውስጥ ገብታ ምን እንዳደረገችኝ ታስታውሳለህ፤ በአፍንጫዬ ቱቦ ተክለውልኝ እየደወልክ ዝም ብለህ ትንፋሼን ታዳምጥ ነበር።

ስለዚህ አንተ «እማ፣ ሚጡን ይዘን ስንመጣ መድኃኒቱን ወስደሽ ከሆነ እንዴት ትይዣታለሽ?» ብለህ ስትጠይቀኝ አሰብኩበት። ዶክተሯንም ጠየቅኩ። ከመድኃኒቱ በኋላ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ጉንፋን አይሆንም፣ አፍንጫዋ የሚፈስ ሕፃን አይሆንም፣ ሕፃኗ በአፍ የሚሰጠውን ክትባት ሰሞኑን ከወሰደች ደግሞ ዳይፐሯን መንካት አይቻልም አለችኝ። እኔ! የከተማውን ሕዝብ እድፍ ያጠብኩ ሴትዮ የልጅ ልጄን ዳይፐር እንዳልነካ!

ደሜን መርምራ ሕዋሳቱ ጥቂት ጥቂት እያሉ መመለስ ጀምረዋል ስትለኝ ከእረፍት የተመለሱ ሠራተኞቼን ያየሁ ያህል ደስ አለኝ። «እንግዲያው ሚጡ ስትመጣ ከጉንፋን የሚጠብቀኝ አለ» አልኳት። እሷ የውጤቱን ወረቀት ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና «የተመለሱት የትኞቹ እንደሆኑ አናውቅም» አለችኝ። «ጨዋዎቹ ይሆናሉ» አልኳት። አልሳቀችም። ይህች ልጅ ጎበዝ ናት፣ ቀልድ ግን አልፈጠረባትም።

ደግሞ የቆርኪ ጨዋታ አላት። በሄድኩ ቁጥር አንዱን ዓይኔን በእጄ ታስጋርደኝና ቀይ የጠርሙስ ቆርኪ ታሳየኛለች። ቀጥሎ ሌላውን። «በሁለቱም እኩል ቀይ ነው?» ትላለች። ለልብስ አጣቢ ይህ ጥያቄ ነው? ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰነፍ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሥራውን ሁሉ ለቀኙ ጥሎ ይኖራል። እሱ እንኳ የፊደል ቅርጽ ይጠፋዋል እንጂ ቀለም አይስትም። እኩል ነው ብያት ወጣሁ፣ እውነትም እኩል ነበር። ቤት ውስጥ እየሞከርኩ እንድከታተል ቆርኪውን ሰጠችኝ፤ መሳቢያ ውስጥ ከተበጠሱት ቁልፎች ጋር ጥዬዋለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ቤቱ ሰላም የለውም። ጋሽ ካውያ ጥሎኝ ሄዷል። አዎ፣ ያው ተኳሻችን፣ አንተ በልጅነትህ ስም ያወጣህለት ጋሽ ካውያ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሆቴሉ በረኛ፣ ያ ረጅሙ፣ ወርቃማ ቁልፍ ያለውን ቀይ ኮቱን አመጣ። ትናንት ታጥቦ ተተኩሶ ተሰቅሎ ሳየው ክው አልኩ። ልክ እንደ ሚጡ ሹራብ ጡብ ሆኗል።

«ይህን ኮት ከምን ጋር ነው የዘፈዘፍከው?» አልኩት።

«ለብቻው ነው እትዬ።»

«በረኪና ነክቶታል።»

«አልነካውም።»

«እንግዲያው ካውያው በዝቶበታል።»

«እትዬ፣ ኮቱ ቀይ ነው» አለኝ። «እንደመጣው ነው ያለው።»

ደሜ ፈላ። ፊት ለፊቴ ተሰቅሎ እያየሁት ቀይ ነው ይለኛል? «አርጅተሃል ማለት ነው፤ ሂድና ዓይንህን ተመርመር» አልኩት። ካውያውን ነቀለ፣ ገመዱን ጠቀለለ፣ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ያ ሰው ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ «ደህና ዋይ» ሳይል ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ጠዋትም አልመጣም። ዘንድሮ የቀይ ነገር አልሆነልኝም፤ አንተ ሹራቡን፣ እሱ ኮቱን።

ይህን ሁሉ ሳስብ እንቅልፍ አጥቼ መሰለኝ ቀኝ ዓይኔን ሳዞረው ከኋላው ይጠዘጥዘኛል። ነገ በረኛው ኮቱን ሊወስድ ይመጣል፤ በምን ፊቴ እንደማናግረው አላውቅም። ማሽኑ ጨርሷል፣ ልነሳ። ነገ እቀጥላለሁ።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ልጄ፣ ከላይ የጻፍኩትን ቀድጄ ልጥለው ነበር። ተውኩት። እንደገና ብጀምረው አሳምሬ እዋሽሃለሁ፤ ራሴን አውቃታለሁ። ጽሑፌ ከዚህ በኋላ ከመስመር ቢወጣ ታገሠኝ።

ትናንት በረኛው መጣ። ገና ከደጃፉ ይቅርታ ጀመርኩ። ኮትህን አበላሽተንብሃል፣ ሌላ አሰፋልሃለሁ አልኩት። ደንግጦ ኮቱን ለበሰው፣ መስተዋቱ ፊት ዞር ዞር አለ፣ እጅጌውን አየ።

«እማማ፣ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

«ቀለሙ ነዋ!»

«ቀለሙማ ምን ሆነ? እንዲያውም አዲስ መስሏል።»

«እኔን ለማጽናናት ብለህ አትሸንግለኝ» አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሊከራከረኝ አልፈለገም። ለአንድ ቀን ተወው፣ እንደገና እሞክረዋለሁ ብዬ ኮቱን አስቀረሁት። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ።

ባልዲ አንስቼ ልዘፈዝፈው ስል የሳሙናው ውሃ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ተረጨ። አቃጠለኝ፣ ጨፈንኩት። በሰነፉ ዓይኔ ፎጣ እየፈለግኩ ቀና ስል ከፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ ቀይ ነገር ተሰቅሏል። ቅርጹ አልታየኝም፤ ቀይነቱ ብቻ ነው የታየኝ። ኮቱ ነበር።

ዓይኔን ታጥቤ ከፈትኩ። ግራውን ጨፈንኩ፣ ጡብ። ቀኙን ጨፈንኩ፣ ቀይ። እንደ እብድ አንዴ ይህን አንዴ ያንን እየጨፈንኩ ኮቱ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩና ከቁልፎቹ መካከል ቆርኪውን አወጣሁ። እሱም ያው ነው። የልብስ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ሹራቡን አላደበዘዝከውም። ፎቶውን ከግድግዳው ነቅዬ አየሁት። በቀኙ ሳያት የሚጡ ፊት ከነቅንድቧ ይታየኛል፣ ሹራቡ ግን ጡብ ነው። በግራው ሳያት ሹራቡ እኔ እንደሠራሁት ቀይ ነው፣ ፊቷ ግን ደብዝዞ የማን ልጅ እንደሆነች አይለይም። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት አልቻልኩም። ያኔ አለቀስኩ። ማሽኖቹ እየጮሁ ስለነበር የሰማኝ የለም።

ኮቱን በክንዴ ላይ አድርጌ ጋሽ ካውያ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍቶ እኔንም ኮቱንም አየና ሌላ ጭቅጭቅ ይዤ የመጣሁ መሰለው።

«ቀይ ነው» አልኩት።

«አዎ እትዬ፣ ቀይ ነው።»

«ዓይኔ ነው።»

ኮፍያውን አነሳ፣ ክንዴን ያዘኝ፣ ሆስፒታል ወሰደኝ። መንገድ ላይ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት «ደረጃ አለ፣ ይጠንቀቁ» ይለኛል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረገኝ። ደረጃ የለም፤ አስፋልት ነው።

ዶክተሯ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ጨዋዎቹ ይሆናሉ ብለውኝ ነበር» ብትለኝ ደስታዬ ነበር። አላለችም። የዓይኔን ውስጥ በመብራት አየች፣ ደም ወሰደች፣ ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ከተመለሱት መካከል ባለጌዎቹም አሉ፤ መድኃኒቱ ሲዘገይ እነሱም እንደገና በዝተው አሁን የዓይኔን ነርቭ ይዘውታል አለችኝ። መጀመሪያ እብጠቱን የሚያስታግስ ጠንካራ መድኃኒት ለቀናት በደም ሥር ይሰጡኛል። እሱ ካልበቃ ደሜን በማሽን አዙረው፣ ባለጌዎቹ ያመረቱት ተናካሽ ነገር የሚንሳፈፍበትን የደሙን ውሃ አውጥተው በሌላ ይተኩታል። «እንደ ማጠብ ነው» አለችኝ፤ የእኔን ሥራ አስባ ነው። ከዚያ ያ የዘለልኩት መድኃኒት ይመለሳል፣ ሕዋሳቱም እንደገና ይጠረጋሉ።

«ዓይኔ ይመለሳል?» አልኳት።

«የአንዳንዱ ሰው ይመለሳል፤ የአንዳንዱ በከፊል። ቶሎ መምጣትዎ ጥሩ ነው።»

ቶሎ መጣሁ እንዴ? አንተን በሹራብ ስከስ፣ ፎቶ ቤቱን ስጨቀጭቅ፣ ሽማግሌ ሰው ዓይንህን ተመርመር ብዬ ሳባርር የከረምኩት ሁሉ ለካ እያንዳንዱ ቀን ሲበላኝ ነበር። እሷ ግን ይህን አታውቅም፤ አልነገርኳትም።

ዛሬ ከሰዓት ሆስፒታል እተኛለሁ። ስለዚህ ቲኬታችሁን መልሱ። አውቃለሁ፣ አንተ ይህን ስታነብ ቶሎ ልሂድ ትላለህ። አትምጣ። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ውስጤ ባዶ ቤት ነው፤ ሚጡ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ አፏ የምትከትበት ዕድሜ ላይ ናት፣ እኔን ለመሳም የሚያስቸኩላት ነገር የለም። ዶክተሯ ወራት አለች፤ ከዚያ ተመርምሬ እናያለን አለች። ካልሆነም በመስታወት በኩል ላያት እንደምችል ነግራኛለች። በየትኛው ዓይኔ ብዬ ልጠይቃት ብዬ ነበር፣ ተውኩት።

አንድ ነገር ልብ በልልኝ። አንተ ጠየቅኸኝ እንጂ አዘግዪው አላልከኝም። እንዲህ አይነት ነገር ስታገኝ ሌሊት ተቀምጠህ ራስህን እንደምትበላ አውቅሃለሁ፤ ልጅ ሆነህም ጎረቤት ብርጭቆ ሲሰብር አንተ ነበርክ የምታለቅሰው። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ያዘገየሁትም ልይዛት ስለፈለግኩ ነው። የሕፃን ራስ አገጬ ሥር አድርጌ ካሸተትኩ ስንት ዘመኔ ነው፣ የመጨረሻው ያንተ ነበር። ለዚያ ብዬ ነው። አንተ ከዚህ ውስጥ የለህበትም።

ፈርቻለሁ ልጄ። ሹራቡን ከማይበት ዓይን ይልቅ ፊቷን የማይበትን ማጣት ነው የሚያስፈራኝ። ይህን ለሌላ ሰው አልነገርኩም፤ ጋሽ ካውያም እዚህ ሲተኩስ እያየኝ ስለሆነ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምጽፍልህ። ማጠቢያ ቤቱን እሱ ይይዘዋል። ስደውልልህ ድምፄ ደህና ይሆናል፤ ደህና ስሆንልህ አንተም ደህና ሁንልኝ።

በሹራቡ የከሰስኩህን አንስቻለሁ። ቢሆንም ለብ ባለ ውሃ እጠበው።

የሚጡ ዓይን የሚያርፍበት ሁሉ ደስ የሚል ይሁን። የአንተም የምራቴም እጅ የጀመረው ይቃናላችሁ፤ ጉንፋናችሁ እንኳ ከአንድ ቀን አይለፍ። እኔን ጨርሳችሁ አታስቡ አልልም፣ ጥቂት ጥቂት አስቡኝ።

እናትህ

ደብዳቤውን ካጠፍኩ በኋላ ትዝ አለኝ። ትናንት ከሆስፒታል ስንመለስ ክር ቤት ጎራ ብለን ነበር። አልጋ ላይ ሆኜ ሌላ ሹራብ እጀምርላታለሁ፤ ስትመጡ እንዲበቃት ሰፋ አድርጌ ነው የምሠራው። በእጅ የለመድኩት ስለሆነ ብዙ ማየት አያስፈልገውም። ክሩን የመረጠው ጋሽ ካውያ ነው። በሰነፉ ዓይኔ ላጣራው እጄን ወደ ቀኝ ዓይኔ አንስቼ ነበር፤ መልሼ አወረድኩት። ቀይ ነው ብሎኛል።